ጉና ላይ ብርድ የለም

ሰው ደሞዝ የሚከፈለው በሠራው ልክ ነው ብሎ የሚያምን አንባቢ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ቢያቆመው አልቀየምም። እምነት ማፍረስ ሥራዬ አይደለም። እኔ ያንን እምነት ያጣሁት በአንድ ሐሙስ ቀን፣ ጉና ተራራ ትከሻ ላይ፣ ጥሩ የበግ ጥብስ እየበላሁ ነው።

ያኔ አርባን የተሻገርኩ የማሰራጫ ጣቢያ ቴክኒሺያን ነበርኩ። ደብረ ታቦር ተወልጄ ያደግሁ፣ ኤሌክትሮኒክስ የተማርኩ፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሞገድ ለአካባቢው የሚበትን የብረት ማማ ስር የምኖር ሰው። ሥራው ምንድን ነው ብትሉኝ አብዛኛው መጠበቅ ነው። መሣሪያው ሲሠራ ትጠብቃላችሁ፤ ሲቆም ትሮጣላችሁ። ስጠብቅ አነባለሁ። ዛሬ «ብዙ ያነበበ ሰው» እያሉ የሚያስተዋውቁኝ ሰዎች ምስጋናውን ለጉና ብርድ ቢሰጡት ይሻል ነበር። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ከማንበብ በቀር እዚያ የሚያሞቅ ነገር አልነበረም።

የዚህ ሙያ ደሞዝ በምን እንደሚወሰን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። መጀመሪያ በወረቀት ነው። ዲግሪ ያለው ከዲፕሎማ፣ ዲፕሎማ ያለው ምንም ከሌለው ይበልጣል፤ «ማማውን ማን ወጣው?» የሚል ጥያቄ የለም። ከዚያ የጣቢያው ባለቤት ይወስናል። የግል ጣቢያ ለጥሩ እጅ ከመንግሥት አስበልጦ ይከፍላል፤ ማስታወቂያ በጠፋ ወር ግን መጀመሪያ የሚቀነሰው ያው እጅ ነው። ከተማውም ይወስናል። አንድ ሽቦ አዲስ አበባ ላይ የቀጠለና ጉና ላይ የቀጠለ ሰው እኩል አያገኙም፤ ሽቦው ልዩነቱን ባያውቀውም። ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን መታወቅ ነው። ዜና አንባቢውን ድፍን አገር በድምፁ ያውቀዋል። እኛን ሰው የሚያስታውሰን ድምፁ ሲቋረጥ ነው፤ ያውም በስድብ። ሥራችንን አሳምረን ስንሠራ መኖራችንን የሚያውቅ የለም። መኖሩ ላልታወቀ ሰው ደግሞ ማን ደሞዝ ይጨምራል?

ጣቢያው ላይ ሦስት ነበርን። አለቃችን አያ ፈንቴ ናቸው። እዚያው ጉና ስር ተወልደው፣ ጣቢያው ሲሠራ በዘበኝነት ተቀጥረው፣ ከመጡት ባለሙያዎች ሥር ሥር እያሉ ሙያውን የለመዱ ሰው። ለብዙ ዓመታት ጣቢያውን ያቆሙት እሳቸው ነበሩ፤ የትምህርት ወረቀት ስለሌላቸው ግን ደረጃቸው ከታች ነበር። ሦስተኛዋ ሰላማዊት ናት፤ በዲግሪ የተመረቀች፣ ምላሷ የተሳለ ወጣት። ሥራውን ያስተማሯት አያ ፈንቴ ነበሩ፤ ደሞዟ ግን ከእሳቸው ይበልጥ ነበር። ወሩ ሲያልቅ እሳቸውን ፊት ለፊት ማየት ያሳፍራት ነበር።

አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለ። የሥራ መደቦች እንደገና ሊመዘኑ ነው፤ መዛኞቹ ጣቢያችንን በዓይናቸው ለማየት ረቡዕ ይመጣሉ ተባለ። ይህ ለእኔና ለሰላማዊት ጥሩ ዜና ነበር፤ ለአያ ፈንቴ ግን ዕድሜ ልካቸው ነበር። ጡረታቸው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ጡረታ የሚሰላው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደሞዝ ነው። መደቡ አሁን ከፍ ካላለ፣ እስከሚሞቱ ድረስ የሚኖሩት በዘበኝነት በጀመሩት ደረጃ ጥግ ላይ ነው። ሌላ ምዘና እሳቸው ሥራ ላይ እያሉ እንደማይመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

እሳቸው በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር መልሰው ደውለው ቀኑን ማስቀየር ነበር። ረቡዕ ጾም ነው፤ እንግዳ ሽሮ በልቶ ከቤታቸው ሊወጣ ነው? ቀኑ ወደ ሐሙስ ተዛወረ። ቀጥለው ከራሳቸው በጎች የሰባውን መረጡ። ጣቢያው ሲሠራ የተጠረገውን መንገድ ጎርፍ ከበላው ወዲህ መኪና የሚደርሰው ታች እስከ ወንዙ ብቻ ነው፤ ነዳጃችንም ቀለባችንም ከዚያ በአህያና በጫንቃ ነው የሚወጣው። እንግዶቹ በእግራቸው እንዳይደክሙ ከጎረቤታችን ከመሪጌታው አንዲት በቅሎ፣ ከሌላ ጎረቤት ሌላ ተለመነች። የመኝታ ክፍሉን የተሰበረ መስኮት በምንጣፍ ሸፈኑት። የመሪጌታው ፍራሽ መጥቶ አልጋችን ላይ ተነጠፈ። ሁለት ማንደጃ ሙሉ ከሰል ተዘጋጀ።

እኔ ይህን ሁሉ ቆሜ ሳይ ቆየሁና አልቻልኩም።

«አያ፣ ሰዎቹ የሚመጡት ችግራችንን ሊያዩ እኮ ነው። ችግሩን ከደበቁት ምን ሊያዩ ነው?»

«ገበናዬን ለእንግዳ ላሳይ?»

«ገበናው የአንቱ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቱ ነው።»

«ቤቱ የፈለገው ይሁን። እንግዳው የኔ ነው።»

ሰዎቹ ከወንዙ በእግራቸው ይውጡ፣ ምሳ ቆሎ ይቅረብላቸው፣ መስኮቱም ይከፈት ብዬ የራሴን ዕቅድ ነገርኳቸው። አያ ፈንቴ ዕቅዴን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙት፤ ሰምተው ሲያበቁ ትኩር ብለው አዩኝ።

«በል፣ ፈንቴ ይሙት በል።»

«ምን ብዬ ነው የምምለው?»

«እንግዶቹ ፊት አላማርርም ብለህ።»

በቁሙ ያለን ሰው ስም ጠርቶ መማል ቀላል ነገር አይደለም። ማልኩላቸው። ሰላማዊት ከጎን ሆና እሷንም እንዲያስምሏት ጠየቀች። አያ ፈንቴ፣ አንቺማ ጨዋ ነሽ ብለው አለፏት። እኔ ጨዋ አለመሆኔ በዚህ መልክ ተረጋገጠ።

ሐሙስ ደረሰ። ጉና በዚያ ሰሞን በየቀኑ ጭጋጉን ለብሶ፣ ከሰዓት በኋላ በረዶውን ሲያዘንብ ነበር የከረመው። የዚያን ቀን ግን ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ መስሎ አደረ። ደመና የሚባል የለም። ተራራው ራሱ ከአያ ፈንቴ ጋር የተማከረ ይመስል ነበር።

እንግዶቹ ሁለት ናቸው። የቡድኑ መሪ ወይዘሮ ትርንጎ፣ በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ ትንሽ የሚናገሩ ብዙ የሚያዩ ሴት። አብሯቸው ሳምሶን የሚባል፣ ወረቀት የሚሞላ ወጣት ባለሙያ። ሳምሶን ከበቅሎው ወርዶ ደረቱን ነፋና አየሩን ወደ ውስጥ ሳበ።

«እዚህ ቦታ እኮ ሰው ተከፍሎት ሳይሆን ከፍሎ ነው መኖር ያለበት» አለ።

መሬት መሬት አየሁ። ሰላማዊት በክርኗ ጎሸመችኝ።

ቤት ገቡ። ቤቱ ሞቋል። ጥብሱ ቀረበ፣ ቀይ ወጡ ተከተለ፣ ጠላውና አረቄው ወረደ። ሳምሶን ጃኬቱን አወለቀ። በዚያ ክፍል ውስጥ ጃኬት ሲወልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ምግቡ ሲነሳ ወይዘሮ ትርንጎ ሥራቸውን አስረዱን። ለመደቡ የሚያስፈልገው ዕውቀትና ኃላፊነት ቢሮ ውስጥ ከሰነድ ተሞልቶ አልቋል፤ የቀረው የሥራው አካባቢ ነው። መደቡ ከፍ ማለት አለማለቱ የሚወሰነው ዛሬ በሚያዩትና የመደቡ ባለቤት በሚነግሯቸው ነው፤ ለሦስታችንም የሚናገሩት አለቃው ናቸው። ይህን ብለው ወደ አያ ፈንቴ ዞሩ።

«ብርዱ ሥራ ላይ ያስቸግራችኋል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ብርድ አለ? ለምደነዋል።»

«መንገዱስ?»

«ይመስገን። በቅሎ አለ።»

«በሥራ ላይ የደረሰብዎ ጉዳት ይኖራል?»

«ክብር ለሱ ይሁን፤ ደህና ነኝ። ይብሉ እንጂ፣ አልበሉም እኮ።»

ሳምሶን በየጥያቄው ትይዩ «የለም» እያለ ጻፈ። ሦስት ጊዜ «የለም»። የአንድ ሰው የእርጅና ቀለብ በዓይኔ እያየሁ በሦስት ቃል ተሰረዘ።

እዚህ ላይ ለማያውቀው አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ አገር «ደህና ነኝ» ማለት ዘገባ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት መጀመሪያ ያመሰግናል። እንግዳው ተቀምጦ፣ ውሎ ጠይቆ፣ ከብት ጠይቆ፣ እንደገና «እንዴት ናችሁ» ሲል ነው ቃጠሎው የሚወራው። የኛ ሰው እውነቱን የሚናገረው በሦስተኛው ጥያቄ ነው። ቅጽ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አያ ፈንቴ ሊቀዱላቸው ተነሡ። የአረቄውን ጠርሙስ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ቀዱ። ወይዘሮ ትርንጎ አክብሮቱ ደስ አላቸው፤ እሳቸውም መለኪያውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አክብሮት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አያ ፈንቴ በሁለት እጅ የሚይዙት በአንድ እጅ መያዝ ስለማይችሉ ነው። በአንድ ክፉ ክረምት አንቴናው ላይ በረዶ ጋግሮ ስርጭቱ ሲቋረጥ፣ ማማው ላይ ወጥተው ሲያራግፉ ጓንታቸው ረጥቦ ብረቱ ላይ ተጣበቀ። ከዚያ ወዲህ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ስሜት የላቸውም። ስርጭቱ ግን ያን ቀን ተመለሰ። ማን እንደመለሰው የጠየቀ አድማጭ አልነበረም።

ጠርሙሱ ወደ እኔ ሲመጣ መሐላዬን አፈረስኩ።

ተነሥቼ ወደ መኝታ ክፍሉ ሄድኩና ምንጣፉን ከመስኮቱ ላይ ገለጥኩት። ነፋሱ ሳይጠሩት ገባ። ፍራሹ የመሪጌታው ነው አልኩ፤ ከሰሉ ለዛሬ የተገዛ ነው፤ በቅሎዎቹ የልመና ናቸው፤ ይህ ቀን የጉና ቀን አይደለም። ድምፄ እኔን እስኪያስገርመኝ ድረስ ረግቶ ነበር።

«አያ ፈንቴ» አልኩ በመጨረሻ፣ «እጅዎን ያሳዩአቸው።»

አያ ፈንቴ ጠርሙሱን በቀስታ አስቀመጡ፤ ቀኝ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ፤ ፈገግ አሉ።

«ታደለ ይቀልዳል» አሉ ለእንግዶቹ። «መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ጨዋታ ያውቃል። እስቲ ምንጣፉን መልስ፣ እንግዶቹን በረዳቸው።»

ሳምሶን ሳቀ። እንደዚያ የተሸነፍኩበት ክርክር አላስታውስም። ወይዘሮ ትርንጎ ግን አልሳቁም፤ የተገለጠውን መስኮት ትንሽ አዩትና ወደ እኔ ዞሩ። የባልደረባ ምስክርነት የሚሞላበት ቦታ እንደሌለ፣ መናገር ያለበት የመደቡ ባለቤት እንደሆነ ነገሩኝ። በዚያ ላይ ቅጹ የሚያውቀው የበረሃ አበል ነው። ለሙቀት ይከፈላል፤ ለብርድ የሚል መስመር የለም።

«እንግዲህ ለላብ ይከፈላል፣ ለመንቀጥቀጥ አይከፈልም ማለት ነው» አልኩ።

«መመሪያውን እኔ አላወጣሁትም» አሉ። «‘ሌላ ካለ’ የሚል ባዶ ቦታ አለ። ግን ባለቤቱ ካልተናገሩ ባዶውን እመልሰዋለሁ።»

ባለቤቱ ለሳምሶን ሥጋ እየጨመሩለት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልንሸኛቸው ወረድን። እንግዶቹ በበቅሎ፣ እኛ በእግር። አያ ፈንቴ የወይዘሮ ትርንጎን በቅሎ ልጓም ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፤ ወደ እኔ አንድ ጊዜም አልዞሩም። መንገዱ ሲጠብ ሁለቱ በቅሎዎች ተከታትለው ቀደሙና አያ ፈንቴ ከእኛ ጋር ወደ ኋላ ቀሩ። ሰላማዊት ከጎናቸው ሆና፣ ሰው እንዳይሰማት ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አያ፣ አንቱ ነገ ጡረታ ይወጣሉ። እኔ እዚሁ ነኝ። አለቃዬ ‘ምን ብርድ አለ’ ብለው አስጽፈው ከሄዱ፣ እኔ ከነገ ወዲያ በረደኝ ብል ማን ያምነኛል? ቅምጥል ልጅ ነው የሚሉኝ።»

አያ ፈንቴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና እርምጃቸውን አፈጠኑ። ነገሩ አለቀለት አልኩ በልቤ። እሳቸውን ሳይሆን ራሴን ነበር የምረግመው፤ አንድ ሽማግሌ ፊት መሐላ አፍርሼ፣ በምላሹ ያገኘሁት የሳምሶንን ሳቅ ብቻ ነው።

ወንዙ ጋ ደረስን። መኪናው ከማዶ ቆሟል። አያ ፈንቴ እንግዶቹን ደግፈው አወረዱ፤ ትከሻቸውን ሳሟቸው፤ መረቋቸው። በሰላም ያግባችሁ፣ የሞቀ ቤት ያቆያችሁ አሉ። ሁለቱ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጡ ተሻገሩ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ሳምሶን በሩን ከፈተ።

በዚህ ጊዜ አያ ፈንቴ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወንዙን ተሻገሩ። እኛም ምን እንደሆነ ሳናውቅ ተከተልናቸው።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ወረቀቱን ያውጡት» አሉ።

«የረሳነው ነገር አለ?»

«የለም። ያ ማዶ የኔ ቀበሌ ነው፤ እዚያ እንግዶቼ ነበራችሁ። ሸኝቻችኋለሁ፤ ወንዙን ተሻግራችኋል። እዚህ እናንተ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናችሁ፣ እኔም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አሁን ጠይቁኝ።»

ወይዘሮ ትርንጎ ለሹፌሩ ምልክት ሰጡ፤ ሞተሩ ጠፋ። ወረቀቱ የመኪናው ኮፈን ላይ ተዘረጋ። ሴትዮዋ ብልህ ናቸው፤ የቅድሙን ጥያቄ ቃል በቃል ደገሙት።

«ብርዱ ሥራ ላይ ያስቸግራችኋል?»

«ያስቸግራል እንጂ። ማታ በባልዲ ያስቀመጥነውን ውኃ ጠዋት በድንጋይ ሰብረን ነው ፊታችንን የምንታጠብ። በክረምት ብረቱ ይናከሳል። ይህች ልጅ ሌሊት መሣሪያ ስትጠብቅ ጫማዋን አውልቃ አታውቅም።»

«መንገዱስ?»

«መንገድ የለም። በቅሎዎቹ የሰው ናቸው። የነዳጁን ጀሪካን ተሸክመን የምንወጣ እኛ ነን።»

«ጉዳት?»

አያ ፈንቴ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አወጡ። ከሳምሶን እጅ እስክሪብቶውን ተቀበሉና ጫፉን ስሜት የሌለው ጣታቸው ላይ ተጫኑት፤ ቆዳው ጎድጉዶ ሊበሳ እስኪደርስ ድረስ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም።

«ይህ ጣት ይህን አያውቅም» አሉ። «የናንተ ሬዲዮ ሲዘፍን የሰማችሁት በዚህ ነው።»

ሳምሶን ቅድም «የለም» ያለባቸውን ሁሉ ሰርዞ መጻፍ ጀመረ። ‘ሌላ ካለ’ የምትለዋ ባዶ ቦታ ሞላች፤ ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ቀጠለ። ወይዘሮ ትርንጎ፣ ቅድም ባልደረባዎ የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር እንዴ ብለው ጠየቁ። አያ ፈንቴ ከቤት ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ።

«እውነቱን ነው የተናገረ» አሉ። «ቦታውን ነው የሳተ።»

ስንመለስ፣ ዳገቱ መሀል ላይ አያ ፈንቴ፣ በስማቸው ምዬ ስላፈረስኩት መሐላ ቅጣቴን ነገሩኝ፤ የመሪጌታውን ፍራሽ በማግስቱ ተሸክሜ የምመልሰው እኔ ነኝ፣ በአህያ ሳይሆን በጀርባዬ። ሰላማዊት በሳቅ ፈረሰች። ተሸከምኩት። መሪጌታውም መንገድ ላይ ቆመው፣ ታደለ አልጋህን ተሸክመህ ሂድ ብለው በወንጌል ቃል አላገጡብኝ።

ውጤቱ ከወራት በኋላ መጣ። መደቡ ከፍ አለ፤ የሦስታችንም። የብርድ አበል የሚባለው ነገር «በጥናት ላይ ነው» ተባለ፤ እኔ እስከማውቀው ዛሬም እየተጠና ነው፤ የሚያጠኑት ሰዎች ሞቅ ያለ ቢሮ እንዳላቸው አልጠራጠርም። አያ ፈንቴ በአዲሱ ደረጃ ጡረታ ወጡ። ገብስና ድንቻቸውን እያመረቱ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ከጡረታቸው በሚተርፋቸው እየከፈሉ ይኖራሉ። ሰላማዊት ዛሬ የጣቢያው ኃላፊ ናት።

እኔስ? የተራራውን ሥራ ትቼ መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የምጽፈው ቅር የሚያሰኘው ወገን ሁልጊዜ ሁለት ነው። አንዱ «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለው ነው። ለዚህ ወገን የምለው፣ በዝምታ የሚከፈል ወርቅ እስካሁን አላየሁም፤ ያየሁት ሦስት ጊዜ የተጻፈ «የለም» ነው። ሌላው፣ እንደ ያኔው እኔ፣ ድሃ ያደረገን ይሉኝታ ነው፣ ባህሉን ጥሎ መጮህ ነው የሚለው የተማረ ወገን ነው። እኔ ጮህኩ፤ ጩኸቴ እንደ ቀልድ ተበላ። ሥራውን የሠራው ባህሉን ያልጣለው ሰው ነው። አያ ፈንቴ እንግዳ ተቀባይነት ድንበር እንዳለው አውቀው፣ እስከ ድንበሩ ድረስ ሙሉውን ከፈሉ፤ ከድንበሩ ወዲያ ደግሞ ሙሉውን ጠየቁ። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ የቻለ ሰው እኔ ከእሳቸው በቀር አላውቅም።

ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ የምትሠሩት ሥራ ሲሳካ የማይታይ ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛም ሁኑ ነርስ፣ የድምፅ ባለሙያም ሁኑ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ደሞዛችሁን የሚወስነው ላባችሁ ብቻ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ስለ ችግራችሁ ማን፣ የት ቆሞ እንደጠየቃችሁም ይወስነዋል። ጠያቂው በገበታችሁ ላይ ከጠየቃችሁ መልሳችሁ ምስጋና ነው፤ እንዲያ ቢሆንም ደግ ነው። ጥያቄው ግን እዚያ እንዳያልቅ፣ ጠያቂውን ተከትላችሁ ውረዱ።

የድሮ የሥራ ባልደረቦቼ ዛሬ ከአሠሪዎቻቸው ጋር ስለ ደሞዝ ሲነጋገሩ እኔን ይዘው ይሄዳሉ። ገና ሳንቀመጥ ሻይ ይቀርባል። አመሰግንና ብርጭቆውን ወደ ጎን አደርገዋለሁ፤ የምጠጣው ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቅዞ ነው የምጠጣው። ሳልጠጣው የወጣሁበት ቀን ግን ጥቂት ነው።